ምዕራፍ 7፦ የትኛው ሥራ ይቅደም?

በምዕራፍ 2 ኦፕን ሶርስ የምንለው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር መሆኑን አይተናል፤ ማንም ያነበዋል፣ ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ ከውጭ የመጣ ማሻሻያ በምን ዓይነት ወንፊት አልፎ ዋናው ኮድ ውስጥ እንደሚገባ ተመልክተናል። አንድ ትልቅ ጥያቄ ግን ሳንነካው አልፈናል። ጠያቂው እልፍ፣ ሠሪው በጣት የሚቆጠር በሆነበት ቤት የትኛው ሥራ ይቅደም? በአንድ ድርጅት ውስጥ ቢሆን መልሱ ቀላል ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ይወስናል፣ ወይም ገንዘብ የከፈለው ደንበኛ ያዛል። ኮዱ የሁሉም በሆነበት ግን ሁሉም የመጠየቅ መብት አለው፣ ማንም ደግሞ የማዘዝ ሥልጣን የለውም።

ይህ ምዕራፍ በዚሁ አንድ ነገር ላይ ይቆያል። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሶፍትዌር እንይዛለን፤ እሱም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጤና ጣቢያዎች የየወሩ ሪፖርት የሚገባበት ነው።

ወሩ 20 ሲል

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፤ ሦስቱም አዲስ አበባን ተጠግተው ያደጉ ከተሞች ናቸው። የቤት ኪራይ ከመሀል ከተማ የገፋው፣ የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ የመጣው፣ ነባሩም ነዋሪ ብዙው የሚታከመው በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መዝገብ አለው። አንዲት እናት ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ስሟ በመዝገቡ ይሰፍራል፤ የቆጠራው ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ምልክት ይደረጋል። ሕፃን ሲከተብ አንድ ምልክት፣ ወባ ሲገኝ አንድ ምልክት። ወሩ 20 ሲል ቆጠራው ይዘጋል፣ ምልክቶቹ ይደመራሉ፣ ድምሩ ኮምፒውተር ላይ ይገባል። በጤናው ዘርፍ የሪፖርት ወር ማለት ካለፈው ወር 21 እስከዚህ ወር 20 ያለው ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ድምሩ የሚገባበት ሶፍትዌር ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አፓርታይድ ሲያበቃ በዘር ተከፋፍሎ የኖረውን የጤና አገልግሎት አንድ ለማድረግ መጀመሪያ መረጃውን አንድ ማድረግ ያስፈልግ ነበርና ሥራው በኬፕታውን አካባቢ ተጀመረ። ሁለተኛው ትውልድ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ እንደ አዲስ ተጻፈ። ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአገሪቱ የጤና መረጃ ማሰባሰቢያ አድርጎታል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ዋናውን ኮድ የሚጠብቀው ቡድን ግን ከጠያቂው ብዛት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ከኡጋንዳ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከላኦስ፣ ከኢትዮጵያም ጥያቄ ይመጣለታል።

የዕድሩ ዕቃ ቤት

ሦስት መቶ አባወራ ያለው አንድ ዕድር እናስብ። መዋጮው ተጠራቅሞ ጥቂት ዕቃ ለመግዛት ደርሷል። ጠቅላላ ስብሰባው ላይ አንዱ ተነሥቶ ድንኳኑ ያፈሳል ይላል። ሌላዋ ብረት ድስቱ አንሷል፣ ባለፈው ሐዘን ከጎረቤት ዕድር ተውሰን ነበር ትላለች። ሦስተኛው ለልጁ ሠርግ የሚሆን ያማረ ወንበር ይገዛ ይላል፤ ድምፁም ከሁሉም ይጎላል። አራተኛው ተናጋሪ አይደለም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው እሱ ነው፤ ጣሪያው እየበሰበሰ መሆኑን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

ጎበዝ የዕድር ዳኛ ማን ቀድሞ እጁን አወጣ ብሎ አይወስንም፤ ማን አብዝቶ ጮኸ ብሎም አይወስንም። ሁለት ነገር ይጠይቃል። ይህ ዕቃ ስንት ቤት ይደርሳል? ከተገዛስ በኋላ ማን ያጥበዋል፣ ማን ይጠግነዋል፣ የት ያድራል? ድንኳኑ አንድ ቀን በሁሉም ደጅ ይተከላልና ይቀድማል። ያማረው ወንበር ለአንድ ቤት የአንድ ቀን ደስታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለዓመታት ዕቃ ቤቱን አጣብቦ የሚኖር የሁሉም ሸክም ይሆናል። ባለ ሠርጉ ወንበሩን በራሱ ወጪ ይከራይና በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ይደርድረው፤ የሚቀየም አይኖርም።

የኦፕን ሶርስ ሥራ ዕቅድ ልቡ ይኸው ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው በጥያቄው ድምፅ ወይም በጠያቂው ማዕረግ ሳይሆን መልሱ ለስንት ሌላ ሰው እንደሚሆንና ከተሠራ በኋላ ማን ተሸክሞት እንደሚኖር ታይቶ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ወዲያው ይረዳዋል። ሁለተኛውን ግን ሶፍትዌር ሠርቶ የማያውቅ ሰው አያየውም፤ የኮድ ዋጋ የሚያልቀው ሲጻፍ ይመስለዋልና። አንድ ቅጽ ላይ አንድ ሣጥን መጨመር የሳምንት ሥራ ሊሆን ይችላል። ከተጨመረ በኋላ ግን አዲስ እትም በወጣ ቁጥር መፈተን፣ ከሌላው ክፍል ጋር መስማማቱ መታየት፣ ሲሰበር መጠገን፣ ለአዲስ ተጠቃሚ መብራራት አለበት። ዲኤችአይኤስ 2 በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ አዲስ እትም ያወጣል፤ ከዚያም የመጨረሻዎቹን ሦስት እትሞች ጎን ለጎን ይጠግናል። የዛሬዋ ትንሽ ሣጥን እንግዲህ በየእትሙ አብራ የምትጓዝ ናት።

ለባለ ሠርጉም መላ ተበጅቶለታል። ዋናው ኮድ ሳይነካ ማንም አገር የራሱን አፕ ሠርቶ የሚሰካበት ቦታ አለ። አንድ አገር ብቻ የሚፈልገው የሪፖርት ቅርጽ፣ አንድ ክልል ብቻ የሚጠቀምበት ማሳያ እዚያ ይገባል። ሠሪውም ጠባቂውም ራሱ ጠያቂው ነው። ይህን ትቶ ዋናውን ኮድ ለብቻው ገልብጦ እንደ ልቡ የሚያሻሽል አገር ደግሞ ሌላ ዕዳ ይገባል፤ ኦስሎ አዲስ እትም ባወጣ ቁጥር የራሱን ለውጥ እንደገና መስፋት አለበት። ሁለት ሦስት ዓመት ይሰፋል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል፣ በመጨረሻ አሮጌ እትም ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ኮዱን ገልብጦ ማሻሻል መብት መሆኑን በምዕራፍ 2 ተናግረናል። መብቱ ይህን ያህል እንደሚያስከፍል ግን እዚህ ላይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጳጉሜን ያለበት ዓመት

አሁን ሚዛኑን በእውነተኛ ሥራ ላይ እንየው። የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ መዝገብ በኢትዮጵያ ቀን ይሞላል፤ በአውሮፓ ቀን ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌር ለእኛ ባለሙያ የስህተት ምንጭ ነው። "የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጨመርልን" ብለን ብንጠይቅስ? በዕድሩ ሚዛን ይህ ከ70 ቤት የአንድ ቤት ጥያቄ ነው፤ ከሠርጉ ወንበር ብዙም አይለይም።

ጥያቄውን ትንሽ ብናዞረውስ? "የዓመቱ ወራት 12 ያልሆኑበት፣ አዲስ ዓመቱ በጃንዋሪ የማይገባበት አገር እንዴት ሪፖርት ያድርግ?" ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጥያቄ አይደለም። የኔፓል ወራት ርዝመት ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ አንዱ ወር 29 ሌላው 32 ቀን ሊሆን ይችላል። ታይላንድ ዓመቷን ከአውሮፓው 543 ጨምራ ትቆጥራለች። በኢራን ዓመቱ የሚለወጠው በጸደይ ነው። እንዲህ ሲጠየቅ የሚያስፈልገው ድንኳን ይሆናል።

ዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ ያለው መልስም በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የቀን መቁጠሪያው ተነቃይ ክፍል ተደረገ። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ዓይነት፣ ዓለም አቀፉ ቀን ነው። በባለሙያው ዓይን ፊት የሚመጣው ቀን ግን በመለወጫው አልፎ በየአገሩ አቆጣጠር ይታያል። ሲስተሙን የሚተክለው ሰው ከዝርዝሩ አንዱን ይመርጣል፤ የኢትዮጵያ፣ የኮፕት፣ የኔፓል፣ የታይ፣ የፋርስ፣ የእስልምና አቆጣጠር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ወጪውን ያቀለለ ሌላ ነገርም አለ፤ እኔ በጣም የምወደው የዚህ ታሪክ ክፍል ይህ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓ የሚቀይረውን ስሌት የኦስሎ ሰዎች ከባዶ አልጻፉትም። ጆዳ ታይም የሚባል፣ በጃቫ ቋንቋ ለሚጽፉ ሁሉ የቀንና የሰዓት ስሌት የሚሠራ ሌላ የኦፕን ሶርስ ሥራ ነበር፤ የኢትዮጵያና የኮፕት አቆጣጠር እዚያ ውስጥ ቀድሞ ተሰልቶ ተቀምጧል። 12 ወር በ30 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6፤ ሕጉ ያማረና ቋሚ ስለሆነ ለኮምፒውተር ይመቻል። ለኔፓል ግን ቋሚ ሕግ ስለሌለ የየዓመቱን የወር ርዝመት በሠንጠረዥ መጻፍ ግድ ሆነ። ስለዚህ ሥራ ሲታቀድ "ይህን ከኛ በፊት የሠራው አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ቅድሚያውን ይቀይረዋል። ውድ የመሰለው ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ ርካሽ ሆኖ ብዙ ቤት የሚደርስ ሥራ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል።

ድንኳኑ ተተከለ ማለት ግን ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሶፍትዌሩ የበጀት ዓመትን የሚሰይመው በሚጀምርበት ወር ስለሆነ በኤፕሪል፣ በጁላይ፣ በኦክቶበር የሚጀምሩ ዓይነቶች አሉት። ጁላይ ለሐምሌ የቀረበ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ጁላይ ማለት 7ኛው ወር ነው፣ በእኛ 7ኛው ወር መጋቢት ነው። ሐምሌ 11ኛ ወር ናትና የሚገጥማት በ11ኛው ወር በኖቬምበር የሚጀምረው ዓይነት ነው። እሱም ዛሬ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ጠባብ ነገር ነው፤ ግን ያለ እሱ የመላ አገሪቱ ዓመታዊ ድምር ይፋለሳል። ተጠቃሚው ጥቂት አገር የሆነ ሥራ አንዳንዴ የሚያልፈው ሲጎድል የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ስለሆነ ነው።

ያዙልኝ ያልኩትን 20 አሁን እናውጣው። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለውን ይይዛል። ነሐሴ 10 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6፣ መስከረም 20፤ ድምሩ 35 ወይም 36 ቀን ነው። የጥቅምት ሪፖርት 30 ቀን ብቻ አለው። ቡራዩ ውስጥ በመስከረም የተከተበ ሕፃን በዝቶ በጥቅምት ቢቀንስ ክትባቱ ደክሞ ላይሆን ይችላል፤ ወሩ አጥሮ ነው። ይህን የኦስሎ ፕሮግራመር በራሱ ሊገምተው አይችልም። በየወሩ ድምሩን የሚያስገባው የጤና መረጃ ባለሙያ ግን ያውቀዋል። ለዋናው ኮድ ይቅረብ ወይስ በአገር ውስጥ አፕ ይሠራ ቢባል እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከ21 እስከ 20 የሚለው ልማድ የእኛ ነውና። ቁጥሩን በቀን ብዛት አካፍሎ የሚያሳይ ትንሽ አፕ እዚሁ አገር ተሠርቶ እዚሁ ሊጠበቅ ይችላል።

ከተማ ሲዋሃድ

ሁለተኛውን ምሳሌ ከሦስቱ ከተሞች ከራሳቸው እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ተደራጁ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል እነዚህንና ሌሎች አጎራባች ከተሞችን አዋህዶ ሸገር ከተማን መሠረተ፤ በ12 ክፍለ ከተሞችም ተከፈለ። ትናንት በራሳቸው ከተማ የነበሩት ዛሬ በክፍለ ከተማ ስም ይጠራሉ።

ለነዋሪው ይህ የማኅተምና የመታወቂያ ጉዳይ ነው። ለሶፍትዌሩ ግን ዛፍ ነቅሎ እንደመትከል ነው። ዲኤችአይኤስ 2 እያንዳንዱን ተቋም በዛፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከላይ አገር፣ ቀጥሎ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፣ ከሥሩ ጤና ኬላ። ድምር የሚሠራው አሁን ባለው ዛፍ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሲዛወር የቀደሙት ዓመታት ቁጥሩም አብሮት ይዛወራል። ይህ ጥቅምም ጉዳትም አለው። የሰበታን የዓመታት ጉዞ ለማየት ይመቻል፤ የቀድሞው ልዩ ዞን በ2012 ዓ.ም. ስንት ሕፃን አስከተበ ለሚል ጠያቂ ግን የድሮው ድምር ከዛፉ ላይ አይገኝም።

ይህንን ጉዳይ ከሸገር ጋር ብቻ አያይዞ የሚያቀርብ ሰው ረጅም ወረፋ ይጠብቀዋል። ኡጋንዳ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ የዲስትሪክቶቿን ቁጥር ከ56 ወደ 135 አድርሳለች፤ እያንዳንዱ መከፈል የዛፍ ለውጥ ነበር። የአስተዳደር ወሰን የማይንቀሳቀስበት አገር ጥቂት ነው። ተቋማትን ማዋሃድና መክፈል የሚያስችል መሣሪያ በዋናው ኮድ ውስጥ የገባው ሸገር ከመመሥረቱ በፊት ነበር፤ ሥራው ሲጀመር የእኛን ለውጥ ያወቀ አልነበረም፣ ሲደርስብን ግን መሣሪያው ተዘጋጅቶ ቆየን። ዛፉን ከነዘመኑ ማስታወስ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱን ድምር ከሥር መሠረቱ ይነካልና ወጪው ከባድ ነው።

የማይጮኸው ሥራ

እስካሁን የተናገርነው ስለሚጠየቅ ሥራ ነው። የዕቃ ቤቱ ጣሪያስ?

እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለ ክፍተት ተገኘ። ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባለው፣ በኢንተርኔት የሚላክ መረጃ እንዳይነበብ የሚሸፍነው የኦፕን ሶርስ ሥራ ውስጥ ነበር። የዓለም ባንኮችና ትላልቅ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበትን ይህን ኮድ በሙሉ ጊዜው የሚጠብቀው አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ የታወቀው ያኔ ነው። ሁሉም ድንኳኑን ተጠቀመ፣ ጣሪያውን ያየ አልነበረም። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ሎግ ፎር ጄ የተባለ ክፍል ተመሳሳይ ጣጣ አመጣ። ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ በጃቫ የተጻፈና ይህንኑ ክፍል የሚጠቀም ነበርና ጥገናው ቀደመ። የጤና መረጃ የሚቀመጥበት ሲስተም ላይ ከደኅንነት የሚቀድም አዲስ ነገር የለም፤ በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ግን ገንዘብ ሰጪው ጣሪያ መግዛት አለመውደዱ ነው። ለዲኤችአይኤስ 2 ዋና ሥራ ከሚያዋጡት መካከል የኖርዌይ የልማት ተቋም ኖራድ፣ ግሎባል ፈንድና ጋቪ ይገኙበታል። ያለ እነሱ ሥራው አይኖርም፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና በዚህ ዘርፍ ሁሉ ለጋሽ የሚቀለው ለወባ ወይም ለክትባት የሚሆን አዲስ ማሳያ መደገፍ ነው፤ ስሙን የሚለጥፍበት ነገር ያገኛል። የአሮጌ ኮድ ማጽዳት፣ የፍጥነት ማሻሻል፣ የሰነድ ማደስ ስም የሚለጠፍበት ግድግዳ የለውም። ደካማ ኢንተርኔት ላይ ሆኖ ወሩ 20 ባለ ማግስት ድምሩን ለማስገባት ለሚታገል ባለሙያ ግን ከአዲስ ማሳያ ይልቅ ገጹ ቶሎ መከፈቱ ይበልጥበታል። ጎበዝ አስተባባሪ ስለዚህ ከእያንዳንዱ እትም ለጥገና የሚሆን ድርሻ አስቀድሞ ይቆርጣል፤ የተረፈው ጊዜ ለጥገና ይሁን ከተባለ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ዕቅድ የሚፈርስበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ኮቪድ ወደ ስሪላንካ እንዳይገባ ሲፈራ የዚያ አገር ባለሙያዎች በዲኤችአይኤስ 2 ላይ ከውጭ የሚገቡ ተጓዦችን መከታተያ በፍጥነት ሠሩ። ኦስሎ ያንን ወስዶ ለሁሉም አገር እንዲሆን አስተካክሎ አሠራጨው፤ ብዙ አገሮች ከባዶ መጀመር ሳያስፈልጋቸው ቀሩ። የአንድ ደሴት ሥራ ቅድሚያ ያገኘው የሚያስፈልገው ለሁሉም ቤት ስለሆነ ነው።

ጥያቄውን ማን ይጻፍ?

የዲኤችአይኤስ 2 የሥራ ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው። የተመዘገበ ሰው ሁሉ ችግር መጻፍ፣ የተጻፈውን ማየት፣ የራሱን ምስክርነት መጨመር ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ በኦስሎ ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም። የሚወሰነው ጥያቄው ሲጻፍ ጭምር ነው።

በጤና ጣቢያ፣ በክልል ቢሮ ወይም በሚኒስቴር የምትሠሩ አንባቢዎቼ፣ የራሳችሁን ሶፍትዌር የምትጽፉ ወጣቶችም ጭምር፣ ይህን ላሳስባችሁ። ጥያቄ ከመጻፋችሁ በፊት ሌላ አገር ጠይቆት እንደሆነ ፈልጉ፤ ካለ አዲስ አትክፈቱ፣ የእናንተን ሁኔታ እዚያው ጨምሩ። ከሌለ፣ ምን እንደሚጨመርላችሁ ሳይሆን ምን እንደሚያስቸግራችሁ ጻፉ፤ መዝገቡን፣ ወረቀቱን፣ ወሩ 20 ሲል የሚሆነውን አሳዩ። ከእናንተ ሌላ ማን ይህ ችግር እንዳለበት ጥቀሱ። መልሱ የእናንተ ብቻ ከሆነ ደግሞ አትጠብቁ፤ አፑን ራሳችሁ ሥሩት። ከሰበታም ሆነ ከሱሉልታ ይህን ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።